ከጃፓን ያመጣሁት ውሃና የእትዬ ዘነበች ጉልበት

ጃፓንን እኔ ካላወቅኳት ማን ሊያውቃት ነው? አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ኖሬባታለሁ። ሰው አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖሮ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ “አሜሪካኖች እኮ እንዲህ ናቸው” እያለ ሲተነትን ዝም ብላችሁ የምትሰሙ ሁሉ፣ እኔ ስለ ጃፓን ሳወራ “አሥራ ሁለት ቀን ብቻ?” ብላችሁ ባታቋርጡኝ ደስ ይለኛል። ሚስቴ ሰብለ ግን ታቋርጠኛለች። “ሁለቱ ቀን እኮ በአውሮፕላን ነው ያለቀው” ትላለች። አውሮፕላኑም የጃፓን ነበር፤ ስለዚህ ይቆጠራል።

የላከኝ መሥሪያ ቤቴ ነው። ከኮሎምበስ አርባ ደቂቃ ወጣ ብሎ ባለ፣ ባለቤቶቹ ጃፓኖች በሆኑ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ብሎን ሳጠብቅ ኖሬ፣ ዘንድሮ ሌሎች ሰዎች ብሎን ሲያጠብቁ የምቆጣጠር አለቃ ሆንኩ። እዚህ ማዕረግ ላይ የደረሰ ሰው ዋናው ፋብሪካ ድረስ ሄዶ መሠልጠን አለበት ተባለ። ሥልጠናው ስለዚያችው ብሎን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት ገብቶኝ አለቀ፤ የቀረውን ጊዜ አገር በማጥናት አሳለፍኩት።

ጃፓን ሳልወስዳችሁ በፊት ግን ቤቴን ላሳያችሁ፤ ጣጣው የፈነዳው እዚያ ነውና። የምንኖረው ሚነርቫ ፓርክ ነው። አራት ነን፤ እኔ፣ ሰብለ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃችን ቤዛ፣ እና የሰብለ አክስት እትዬ ዘነበች። እትዬ ዘነበች እዚሁ ኮሎምበስ በአረጋውያን መጦሪያ ከሃያ ዓመት በላይ ሰው ሲያነሱና ሲያስተኙ ኖረው፣ ጡረታ የወጡ ቀን ጉልበታቸውም አብሮ ጡረታ ወጣ። በረዶ ከገባ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። መኝታቸው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው አሥራ ሦስት ነው።

“ታች ክፍል የላችሁም ወይ?” እንደምትሉ አውቃለሁ። አለን። እሷ ግን የእኔ ናት። ሶፋዬና ትልቁ ቴሌቪዥን ያሉባት፣ ኳስ የማይባት፣ ሰብለ “ቤተ መንግሥቱ” የምትላት ክፍል ናት። ሰብለ አንድ ቀን “እትዬን እዚያ እናውርዳቸው” ብትለኝ፣ “እዚያ እኮ ፀሐይ አይገባም፤ ትልቅ ሰው ፀሐይ ያስፈልገዋል” ብዬ ተከራክሬ ረታሁ። እትዬ ዘነበችም “ተዉት ልጆቼ፣ እኔ ላይ ነው የሚመቸኝ” አሉ። እንግዲህ ባለቤቱ ከመሰከረ ሌላው ምን ያገባዋል?

ወደ ጃፓን እንመለስ። እዚያ የተቀበለኝ ሰው ሚስተር ሞሪታ ይባላል። ስልሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ የሚያበጥር፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነው። እንግሊዝኛው እንደኔው ነው፤ ስለዚህ ምንም ሳንቸገር ተግባባን።

የመጀመሪያ ቀን ጥሬ ዓሣ ጋበዘኝ። ጥሬ ሥጋ በቢላ እየቆረጠ የሚበላ ሕዝብ ልጅ ጥሬ ዓሣ ምኑ ያስደነግጠዋል? የሚያስቸግረው ጾሙ ነው። ወቅቱ ዓቢይ ጾም ነበር። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ዘንድ ገና አላለቀም፤ እኔ ግን አውሮፕላኑ ውቅያኖሱን ሲያጋምስ ይበላል ከሚሉት ወገን ሆኜ ራሴን አገኘሁት። ይህን ለእትዬ ዘነበች አትንገሩብኝ።

ምግብ ሠሪው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ሩዙን በጣቱ ጠቅለል ያደርግና፣ ዓሣዋን ከላዩ ጋደም አድርጎ፣ አንዲት አንዲት እያለ ሳህናችሁ ላይ ያስቀምጣል። ሳየው ወዲያው ገባኝ። ጉርሻ ነው! አጉራሹ ብቻ ሳህኑ ጋ ሲደርስ ይቆማል። የቀረውን መንገድ እኔ ጨረስኩለት። አንዷን አንሥቼ “በሞቴ” ብዬ ወደ ሚስተር ሞሪታ አፍ አስጠጋሁ። ምግብ ሠሪው ቢላውን እንደያዘ ቀረ። ሚስተር ሞሪታ መብያ እንጨቶቹን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ አፉን ከፈተ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛውንም ሰጠሁት። እሱንም ዋጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ። ምን ዓይነት ጨዋ ሕዝብ ነው፣ ባህላችንን እንዴት በአንድ ቀን ለመዱት፣ ብዬ ለሰብለ ደወልኩላት።

ቅዳሜ አበባ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ወንዝ ዳር ነው። ዛፎቹ ቅጠል የላቸውም፤ ከላይ እስከ ታች ፈዛዛ ሮዝ አበባ ብቻ ናቸው። ሕዝቡ ምንጣፍ አንጥፎ ከሥራቸው ተቀምጦ ወደ ላይ ያያል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ዛፍ ሳይ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። “ፍሬው መቼ ይደርሳል?” አልኩት። “ፍሬ የለውም” አለ። “ታዲያ ለምን ተተከለ?” “ለአበባው። አንድ ሳምንት ይቆያል።” አንድ ሳምንት ለሚቆይ ነገር ዓመቱን ሙሉ ውሃ ማጠጣት! ልከራከረው ስዘጋጅ ነፋስ መጣና አበባው በላያችን ላይ መርገፍ ጀመረ። የሰው ሁሉ ጨዋታ ቆመ። ኮቴ ላይ፣ የሞሪታ መነጽር ላይ፣ የአንዲት ሕፃን እጅ ውስጥ አረፈ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም መዳፌን ዘረጋሁ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ፍሬውን ረሳሁት።

ከዚያ ሻይ ቤት ገባን። ሻይ ቤት ስላችሁ ብርጭቆ የሚንቃጨልበት እንዳይመስላችሁ። ሣር በመሰለ ምንጣፍ የተሸፈነች፣ አንዲት ቅርንጫፍ በአንዲት ማሰሮ ውስጥ ከመቆሟ በቀር ምንም የሌለባት ባዶ ክፍል ናት። ባዶነቷ ያምራል። የእኛ ሳሎን ውስጥ ካለው ዕቃ እኩሌታው ለምን እንዳለ ያን ቀን ነው የጠየቅኩት። ሻዩን የቀዳችልን ሴት ኪሞኖ ለብሳለች፤ ወገቧ ላይ ሰፊ መቀነት አላት፤ ቋጠሮው ግን ከኋላ ነው፤ ማን እንደሚያስርላት እግዜር ይወቅ። ጽዋውን ስታነሣ፣ ስታዞር፣ ስታስቀምጥ የሚባክን እንቅስቃሴ የላትም። ይህን ሁሉ ተንበርክካ ነው የምትሠራው። እኛም ተንበርክከን ነው የምንጠብቀው። እኔ ስግደት የለመድኩ ሰው ነኝ ብዬ ተማምኜ ነበር፤ ለካ በስግደት መካከል መነሣት አለ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከወገቤ በታች ያለው የእኔ መሆኑ ቀረ። ልነሣ ስሞክር ወደ ጎን ጋደም አልኩ። ሚስተር ሞሪታ በብብቴ ገብቶ አነሣኝ። እያነከስኩ ስወጣ እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ። እሳቸው በየቀኑ እንዲህ ናቸው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ይህ ሐሳብ ሳይለቀኝ ነው አንድ ቤተ መቅደስ ጋ የደረስነው።

መግቢያው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ የበር መቃን ቆሟል። መዝጊያ የለው፣ አጥር የለው። በግራ ብትሉት በቀኝ ይታለፋል፤ ሰው ግን በመካከሉ ነው የሚያልፈው። “ከዚህ ወዲያ ቅዱስ ቦታ ነው” አለኝ ሚስተር ሞሪታ። እንዲህ ከተባልን የእኛ ሰዎች እጅ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ፈታሁ። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ጋ ቀዳዳ ነበረው፤ መሬቱ ጠጠር ነው። ሚስተር ሞሪታ እኔን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የራሱን ፈታ። “አየህ፣ ልማዳችን አንድ ነው” አልኩት። “የስ፣ የስ” አለ። ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ ጠጠሩ ላይ እንደ ድመት እየረገጥን ገባን። ዙሪያዬን ስመለከት ሌላው ሕዝብ እንደተጫማ ነው። የዘመኑ ወጣት ባህሉን ጥሏል ብዬ አዘንኩ። በአጠገባችን የሚያልፉት ግን ብዙዎቹ ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል።

ትንሽ እልፍ እንዳልን አንድ የድንጋይ ገንዳ አየሁ። ውሃ ከቀርከሃ እየወረደ ይሞላበታል፤ ዳሩ ላይ ረጅም እጀታ ያላቸው ጭልፋዎች ተደርድረዋል። ጠበል! ማን ይነግረኛል? አንዱን ጭልፋ ሞልቼ ጠጣሁ። ሌላውን ሞልቼ አናቴ ላይ አፈሰስኩ። በስመ አብ ብዬ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጨመርኩ። የሚያዝያ ውሃ ነው፤ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ቀና ስል ሚስተር ሞሪታ አጠገቤ ቆሞ ያየኛል። መነጽሩን አወለቀ። አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ጭልፋ አነሣና ያንን የተበጠረ ጸጉሩን አራሰው። እሱም ሦስት ጊዜ። ማዶ እጃቸውን ሲታጠቡ የነበሩ አንዲት አሮጊት ፈዘው ቆዩና ጎንበስ አሉልን። እኛም ውሃ እየተንጠባጠብን ጎንበስ አልን።

ከዚያ የእትዬ ዘነበችን ጉልበት አስቤ፣ አረንጓዴ ሻይ ጠጥቼ የጨረስኩበትን ጠርሙስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሞላሁ። ከልቤ ነው የሞላሁት።

መኪና ውስጥ ሚስተር ሞሪታ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ትንሽ እንደሄድን በጣም ቀስ ብሎ፣ “ያ ውሃ… ለእጅ ነው” አለ።

“ለእጅ?”

“ለእጅ። አፍም ይጉመጠመጡበትና ይተፉታል።”

“ጫማውስ?”

“ጫማ አይወልቅም።”

“ታዲያ አንተ ለምን አወለቅክ? ለምን አፈሰስክ?”

ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ “ብቻህን ነበርክ” አለ።

አስቡት እስቲ። እናንተ ቤት እንግዳ መጣ። ከምግብ በፊት ማስታጠቢያ አቀረባችሁለት። ከማስታጠቢያው ጠጣ፤ አናቱ ላይ ደፋው፤ የተረፈውን ደግሞ ለቤተሰብ ብሎ በጠርሙስ ቀዳ። ይሄ እንግዳ እኔ ነኝ። ሆኖም እኔ በቀላሉ አንገቱን የሚደፋ ሰው አይደለሁም። ከኮሎምበስ ያየኝ የለም፣ ያልታየ ነገር አልተደረገም ብዬ ተኛሁ። ጠርሙሱን መድፋት ግን ረሳሁ። በካልሲ ተጠቅልሎ፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ፣ ኦሃዮ ደረሰ።

ሻንጣው ሳሎን ውስጥ ተከፈተ። ለሰብለ ማራገቢያ፣ ለቤዛ በድመት ቅርጽ የተሠራ ቦርሳ አወጣሁ። ለእትዬ ዘነበች ያመጣሁት ሻርፕ ነበር፤ እሱን ፍለጋ እጄን ስሰድ ጠርሙሱ ተንከባለለና እግራቸው ሥር ቆመ።

“ይሄስ ምንድን ነው?” አሉ።

“ውሃ ነው።”

“ውሃ ከጃፓን ድረስ?”

“ከአንድ ቅዱስ ቦታ ነው፣ እትዬ። ጉልበትዎ ትዝ ብሎኝ።”

ልብ በሉ፣ አንድም ውሸት የለበትም። እትዬ ዘነበች ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። “እዚያ ድረስ ሄደህ እኔን አሰብከኝ?” አሉ። እንግዲህ በዚህ ሰዓት “ማስታጠቢያ ነው” የሚል አንደበት ያለው ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። ቤዛ ብቻ ከሶፋው ላይ ሳትነሣ፣ “ዳድ፣ ዩ ካንት ጀስት ብሪንግ ራንደም ዋተር” አለች፤ ያገኘኸውን ውሃ ሁሉ አታምጣ ማለቷ ነው። ገላመጥኳት።

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው መደገፊያውን ሳይነኩ ደረጃውን ወረዱ። አሥራ ሦስቱንም። ታች ቆሜ አፌን ከፍቼ አየኋቸው።

“ተሻለዎት እንዴ?”

“ምን ይጠየቃል? እያየኸኝ!” አሉ።

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እኔ ግን ዝም እንድል አልተፈጠርኩም። የዚያኑ ዕለት ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያው ላይ ለጋሽ ታምሩ ነገርኩት። ጋሽ ታምሩ የሰበካው ሽማግሌ ነው፤ ጀርባውን ያመዋል፤ ወሬ ግን አያመውም። ሰኞ ማታ ሳይመሽ ስልኬ መጮህ ጀመረ። “ወንድሜ፣ ለወገቤ አንዲት ብልቃጥ” አለኝ ራሱ ጋሽ ታምሩ። ክሊንተንቪል የምትኖር አንዲት የሰብለ ጓደኛ ለማይግሬኗ ጠየቀች። ፍራንክሊንተን ያለ አንድ የማላውቀው ሰው ኮል አድርጎኝ፣ “ሺፕ ታደርግልኛለህ ወይስ መጥቼ ፒክ አፕ ላድርግ?” አለኝ። ለሁሉም በሙሉ ልብ፣ “ውሃው ያለው እትዬ ዘነበች ጋ ነው” እያልኩ ወደ ላይ አሻገርኳቸው።

ረቡዕ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ደወሉ። “ልጄ፣ ስለ ጠበሉ ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከየትኛው ገዳም ነው?”

“ከ… ከጃፓን ነው፣ አባቴ።”

“እሱንማ ሰምቻለሁ። የማን ታቦት ነው?”

“መስመሩ ይቆራረጣል፣ አባቴ” ብዬ ዘጋሁት። የምደብቀው ነገር እያለኝ ስልኬ እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ ሠርቶ አያውቅም።

የዚያን ዕለት እራት ላይ እትዬ ዘነበች እንጀራቸውን እየጠቀለሉ፣ “እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ምስጋና አቀርባለሁ። ለአባም ነግሬያቸዋለሁ” አሉ። የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

አሁን ያለሁበትን እዩልኝ። ብነግራቸው፣ ጉልበታቸው የቆመው በእምነታቸው ነውና ያው ጉልበት ይመለስባቸዋል። ባልነግራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጾሙና ሲሰግዱ የኖሩ ሴት በጉባኤ ፊት ቆመው ስለ ሌላ ሃይማኖት የእጅ መታጠቢያ ሊመሰክሩ ነው። አንድ ቀን ደግሞ እውነቱ ይወጣል፤ ያኔ እሳቸው በዚያ በር ዳግመኛ በምን ዓይናቸው ይገባሉ? የጃፓን ሊቅነቴ በዚህ ጊዜ ምንም አልጠቀመኝም።

ለሰብለ ነገርኳት። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ስታበቃ ዓይኗን ጠረገችና፣ “ያመጣኸው አንተ፣ የምትነግራቸው አንተ” ብላ ሄደች። ለቤዛም ሞከርኩ፤ አሜሪካ ያደገ ልጅ ፊት ለፊት መናገር አይከብደውም ብዬ። “ዩ ሹድ ቶክ ቱ ኸር፣ ዳድ። ላይክ፣ ሪሊ ቶክ”፣ ከልብህ አውራቸው ማለቷ ነው፣ አለችና ተመልሳ ስልኳ ውስጥ ገባች። የሆነ ነገር እንደምታውቅ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሐሙስ ልናገር ደረጃው ሥር ጠበቅኳቸው። የልብስ ቅርጫት ተሸክመው፣ እያንጎራጎሩ፣ ቀጥ ብለው ወረዱ። እንዲህ የሚራመድ ሰው ጉልበት በምን ጭካኔ ይነጠቃል? “እንዴት አደሩ?” ብዬ ተመለስኩ። ዓርብም እንዴት አደሩ አልኩ። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ እንዴት አደሩ ስላቸው “ምን ሆነሃል፣ አሞሃል እንዴ?” አሉኝ።

እሑድ ሰብለና ቤዛ ለሰንበት ትምህርት ቀድመው ሄዱ። እትዬ ዘነበችን እኔ ይዤ ወጣሁ። ሀይዌዩ ስለተዘጋ በሃይ ስትሪት ነው የሄድነው፤ በየመብራቱ መቆም ግድ ሆነ። እሳቸው አጠገቤ ነጠላቸውን ለብሰው ጭናቸው ላይ እጃቸውን አጣምረዋል። ሦስተኛው ቀይ መብራት ላይ ፈነዳሁ። ከጫማው ጀምሬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጠጠሩን፣ ገንዳውን፣ ጭልፋውን፣ ሞሪታ መነጽሩን ማውለቁን፣ “ለእጅ ነው” ያለውን። “እትዬ፣ ጠበል አይደለም። ማስታጠቢያ ነው። ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ጡሩምባ እስኪነፋ አላየሁም።

እትዬ ዘነበች ለሁለት መብራት ያህል የነጠላቸውን ጥለት ሲያስተካክሉ ቆዩ።

“ጨረስክ?” አሉ በመጨረሻ።

“ጨረስኩ።”

“እኔ ደግሞ ልንገርህ። ጉልበቴ አልዳነም።”

መሪውን ይዤ ዞር ብዬ አየኋቸው።

“መንገዱን እይ! አልዳነም። ትላንትም አሞኛል፣ ዛሬም ያመኛል።”

“ደረጃውን ሲወርዱ አይቻለሁ እኮ!”

“አንተ ስታይ ነዋ። አንተ ቤት ስትኖር ሁለት ፔይን ኪለር እውጥና ቀጥ ብዬ እወርዳለሁ። አንተ ሥራ ስትሄድ በቂጤ ነው የምወርደው፣ አንድ ባንድ እየተቀመጥኩ። ቤዛ አይታኛለች። ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት፤ በእንግሊዝኛ ማለችልኝ።”

“ለምን፣ እትዬ?”

“ለምን ትለኛለህ? ከዓለም ዳር ተሸክመህ አምጥተህ፣ ፊትህ እንደ ሕፃን ፊት በርቶ እያየኸኝ፣ አልተሻለኝም ልበልህ?”

መንገዱን ብቻ አየሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

“ጠበል አለመሆኑንማ የመጀመሪያውን ቀን ቀምሼ አውቄዋለሁ። ጠበል ጠጥቼ ያደግኩ ሰው ነኝ። ያንተ ውሃ ሻይ ሻይ ይላል። ለጋሽ ታምሩም ለማንም ጠብታ አልሰጠሁም፤ ሲደውሉ አልቋል አልኳቸው።”

“የት አደረሱት ታዲያ?”

“እንዳይባክን ብዬ እጄን ታጠብኩበት።”

እኔ፣ የጃፓን ሊቁ፣ ያንን ውሃ ጠጥቼዋለሁ፣ ደፍቼዋለሁ፣ ባሕር አሻግሬዋለሁ። በትክክል የተጠቀሙበት ጃፓንን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት እትዬ ዘነበች ናቸው። መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነና በእጄ መዳፍ ዓይኔን ጠረግኩ።

“ምስጋናውስ? ምን ሊሉ ነበር?” አልኩ።

“ለጉልበቴ ነው መቼ አልኩ? በሰው አገር ሆኖ ጉልበቴን የሚያስብ ሰው ስላለኝ ላመሰግን ነበር። አሁንም አመሰግናለሁ። ያንን ውሃ አብሮህ የደፋውን ሰውዬም ስሙን ንገረኝ።”

ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ቆመው ያሉት ይኸው ነው፤ ስለ ውሃ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። አባ እኔን ፈልገው አዩኝ፤ ወለሉን ተመለከትኩ። ከዚያ እትዬ ዘነበች “ለአንድ ሞሪታ ለሚባል ሰው ጸልዩልኝ” አሉ። ጋሽ ታምሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “የየት አገር ስም ነው?” አለኝ። “የኛው ነው” አልኩት።

ማታውን ሶፋዬን ከቤተ መንግሥቱ አወጣሁ። ሰብለ ምንም ሳትጠይቅ በአንድ በኩል ያዘችልኝ። ለሐኪሙም አፖይንትመንት ተያዘ። አልጋውን ፈትቶ ማውረዱ ግን ለቅዳሜ ቀጠሮ ተሰጠው፤ እስከዚያ ደረጃው አለ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ልሄድ ከመኝታ ቤቴ ስወጣ እትዬ ዘነበች ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመዋል። አይተውኝ ቀጥ ለማለት ሞከሩ፤ ወዲያው የተባባልነው ትዝ አላቸው መሰለኝ ተዉትና፣ መደገፊያውን ይዘው፣ ቀስ ብለው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ። ከኋላ ሳያቸው በጣም ትንሽ ሆኑብኝ። መነጽር የለኝም እንጂ አውልቄ ኪሴ እከተው ነበር። የምሳ ዕቃዬን ታቅፌ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

“አንተ ምን ሆነህ ነው? ደኅና እግር እያለህ!” አሉ።

“ብቻዎን ነበሩ” አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፤ አሥራ ሦስቱንም አንድ ባንድ ወረድናቸው።